ወርቁ የማን ነው?

ቅኔ በሚዘረፍበት አገር ያደገ ሰው ተረት ሲነገረው ዝም ብሎ መስማት አይሆንለትም። ሰሙን እንደ ያዘ ወዲያው ወርቁን ፍለጋ ይሄዳል። ተራኪው ስለ ቀበሮ ሲያወራ አድማጩ «ቀበሮዋስ ማን ናት?» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ያያል። ይህ ልማድ አእምሮን የሚስል መልካም ልማድ ነው፤ እኔም በርሱ አድጌ በርሱ አስተምሬአለሁ። ዳሩ ግን በዕድሜዬ ማምሻ አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ ብሎኛል። ይኸውም ደራሲው «በታሪኬ ውስጥ ወርቅ አልቀበርሁም» ብሎ ሲምል፥ አንባቢው ግን ቈፍሮ ወርቅ ቢያገኝ፥ ያ ወርቅ የማን ነው? የደራሲው ነውን ወይስ የአንባቢው? ደግሞስ የተገኘው ወርቅ ሰውን ቢያስከስስ ወይም ቢያሳስር ተጠያቂው ማን ይሆናል?

ይህ ነገር ሥራ የፈታ ጡረተኛ ያወጣው እንቆቅልሽ መስሎ እንዳይታይ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ስለ ውጭ አገር ሰዎች ስናገር ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ስለ ራሴና ስለ አገሬ ስናገር እንደኛ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ቶልኪን የሚባለው እንግሊዛዊ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንት እንግሊዝኛ መምህር ነበረ። በ1954 እና በ1955 «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን ትልቅ ልብ ወለድ ሦስት መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሳውሮን የሚባል የጨለማ ገዥ ኀይሉን ያፈሰሰበት አንድ ቀለበት ይጠፋበታል። (ቀለበቱ የወርቅ ነው፤ ይህም ለኛ ለሰምና ወርቅ ልጆች ነገሩን ያጣፍጠዋል።) ከብዙ ዘመን በኋላ ቀለበቱ ቁመታቸው ካጠረ፥ መብልና ዕረፍት ከሚወዱ፥ ሆቢት ከተባሉ ሕዝቦች መካከል ፍሮዶ በሚባለው እጅ ይገባል። ቀለበቱን የያዘ ሰው ሥልጣን ያገኛል፤ ነገር ግን ሥልጣኑ ባለቤቱን ራሱን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ስለዚህ ብልሆቹ ተማክረው «በጠላታችን ላይ እንገልገልበት» የሚለውን ሐሳብ ጥለው ቀለበቱ በተሠራበት እሳተ ገሞራ ውስጥ ተጥሎ እንዲጠፋ ይወስናሉ። ፍሮዶም አሽከሩን ሳምን አስከትሎ ወደ ጠላት አገር ወደ ሞርዶር ይጓዛል።

መጽሐፉ የወጣው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ስለ ነበረ አንባቢው ሁሉ ቁልፍ ይዞ መጣ። አንዱ ሳውሮን ሂትለር ነው አለ። ሌላው የለም፥ ክፉው ከምሥራቅ ስለሚመጣ ስታሊን ነው አለ። ሌላው ደግሞ ቀለበቱ አቶሚክ ቦምብ ነው ብሎ ወሰነ። ቶልኪን በ1965 ለታረመው እትም በጻፈው መቅድም ይህን ሁሉ አልቀበልም አለ። ምሳሌያዊ ታሪክ የሚባለውን ዐይነት አጻጻፍ መኖሩን ለማስተዋል ከበቃበት ዕድሜ ጀምሮ እንደማይወድ፥ የታሪኩም ዋና መሠረት የሆነው ምዕራፍ ከ1939 በፊት እንደ ተጻፈ ገለጸ። ቀጥሎም አንድ ጠንከር ያለ ማስረጃ አመጣ። መጽሐፌ የዚያ ጦርነት ምሳሌ ቢሆን ኖሮ፥ አለ፥ ቀለበቱ አይጠፋም ነበር፤ ተይዞ በሳውሮን ላይ ይውል ነበር፤ የጠላትም ግንብ መፍረሱ ቀርቶ የአሸናፊዎቹ ሰፈር ይሆን ነበር፤ ሆቢቶቹንም ሁለቱም ወገኖች ይንቋቸው ነበር እንጂ የሚያኖራቸው አይገኝም ነበር።

አንባቢ ይህን ቃል በጥሞና ይይልኝ። ይህ ማስተባበያ ነው፤ ነገር ግን በማስተባበያው ውስጥ በአሸናፊው በገዛ ወገኑ ላይ የተነገረ ፍርድ አለበት።

ደግሞም ሰውዬው ጦርነትን በወሬ የሚያውቅ አልነበረም። በ1916 በሶም ጦርነት በሰሜን ፈረንሳይ የመልእክት ክፍል መኰንን ሆኖ ተሰልፏል። በጉድጓድ ውስጥ በሚይዝ ንዳድ ታሞ ወደ አገሩ ባይመለስ ኖሮ መጽሐፉም ባልኖረ። ከልጅነት ጓደኞቹ አንዱ በዚያው ጦርነት በመጀመሪያው ቀን ሞተ፤ ሌላው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ቈስሎ ሞተ። በታሪኩ ውስጥ በረግረግ ውኃ ሥር የተኙ የሙታን ፊቶች የሚታዩበት ቦታ አለ፤ ይህም ከሶም በኋላ ካየው ምድር አንዳች ነገር የወሰደ መሆኑን ቶልኪን ራሱ በደብዳቤ አምኗል። እንግዲህ ጦርነቱ በመጽሐፉ ውስጥ አለ። እርሱ የካደው ጦርነቱን አይደለም፤ ለያንዳንዱ ነገር አንድ ስም ብቻ መስጠትን ነው።

እኔ ይህን መቅድም መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ ግን እንደዚህ አድርጌ አልተረዳሁትም። «ፈሪ ነው» ብዬ ፈረድሁበት። ለምን እንደ ፈረድሁበትም አሁን ልናገር።

የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እንግሊዝኛ ያስተማሩን አንዲት አሮጊት የውጭ አገር ሴት ነበሩ። ከአብዮቱ በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አንድ የእንጨት ሣጥን መጻሕፍት ትተውልኝ ሄዱ፤ ከቶልኪን ሦስት መጻሕፍት የመጀመሪያው፥ ከሉዊስም ሁለት የልጆች መጻሕፍት ነበሩበት። ከሥር ደግሞ ሽፋኑ የተገነጠለ ቀጭን መጽሐፍ አገኘሁ፤ እርሱም የጆርጅ ኦርዌል «የእንስሳት እርሻ» ነበረ። ሽፋኑን የገነጠሉት እርሳቸው ይሁኑ ሌላ ሰው ዛሬም አላውቅም።

በ1974 ዓ.ም. በአንድ የክፍለ ሀገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዐሥራ አንደኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርሁ። ዕድሜዬ ሃያ አራት ዓመት ነው። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ሲያሸንፋቸው የደራሲውን ስም ሳልጠራ ያንን ታሪክ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እነግራቸው ጀመር። እንስሳት በጌታቸው ላይ ተነሥተው እርሻውን ያዙ፤ አሳማዎቹ መሪ ሆኑ፤ በጎቹ ደግሞ የተሰጣቸውን አንድ መፈክር ሌት ተቀን እየጮኹ ክርክርን ሁሉ የሚዘጉ ሆኑ። አንድ ቀን በዚህ ስፍራ ስደርስ ከፊት የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፥ እነዚህ በጎች የኛን አይመስሉም?» አለ። ክፍሉ በሣቅ ፈነዳ። እኔ ግን ደሜ ቀዘቀዘ። ከተማሪዎቹ መካከል ጆሮ ጠቢ እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበርና።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ተጠርቶ ተወሰደ። በማግሥቱ እኔም ተጠራሁ። ከጠረጴዛ ማዶ የተቀመጠው ሰው በጣም ትሑት ነበረ፤ ሻይ አዘዘልኝ። «መምህር፥ ይህ ተረት ትርጉም አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ጌታዬ፥ የአሳማ ተረት ነው፤ ምንም ትርጉም የለውም» አልሁ። «ታዲያ ልጁ ያለው ነገር ከየት መጣ?» «ከራሱ።» ይህችን አንዲት ቃል ስናገር ሻዩን በእጄ ይዤው ነበር።

እኔን በዚያው ሰዓት ለቀቁኝ። ልጁ ሁለት ሳምንት ታስሮ ራሱን ተላጭቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ከፊት ተቀምጦ አያውቅም፤ በዓመቱ መጨረሻም ትምህርቱን አቋረጠ። እኔ ታሪኩን አልጨረስሁም።

እንግዲህ ከብዙ ዓመት በኋላ የቶልኪንን መቅድም ሳነብ የሰማሁት የገዛ ድምፄን ነው። «ወርቅ አልቀበርሁም፤ ያገኘኸው ከራስህ ነው።» ቃሉ አንድ ነው። ስለዚህም በራሴ ላይ የምፈርደውን ፍርድ በርሱ ላይ ጣልሁበት። ሰው ከራሱ ኅሊና ለመሸሽ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ያደርጋል።

የሆነ ሆኖ ነገሩን ደጋግሜ ስመረምረው ሁለቱ ማስተባበያዎች አንድ እንዳይደሉ አየሁ። ቶልኪን መጽሐፉ ትርጉም የለውም አላለም። የነጠለው ሁለት ነገር ነው፤ ደራሲው ሆን ብሎ አንባቢውን በአንድ ፍች ላይ የሚያስርበት አለ፤ አንባቢው በነጻነቱ ታሪኩን ወደ ገዛ ኑሮው የሚያመጣበትም አለ። የመጀመሪያውን ጠላ፤ ሁለተኛውን ወደደ። እኔ ግን ያንኑ የአንባቢ ነጻነት ለመርማሪው የአንባቢ ወንጀል አድርጌ አቀረብሁለት። ሁለታችንም «ወርቁ የአንባቢው ነው» ብለናል፤ እርሱ ስጦታ አድርጎ ሰጠ፥ እኔ ክስ አድርጌ አስረከብሁ። የማስተባበያን ሐቀኝነት ለመመዘን ዕዳውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ማየት ይበቃል። ለቶልኪን ማስተባበያ ማንም አልታሰረም።

ነገር ግን አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊሟገተኝ ይችላል፦ «ታዲያ ኦርዌልስ? እርሱ ወርቁን ቀብሮ የት እንደ ቀበረውም ተናገረ። ጥፋተኛ ነውን?» በፍጹም አይደለም። እንዲያውም ለኦርዌል ድፍረት ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። ኦርዌል በ1937 በስፔን ሲዋጋ በጥይት አንገቱን ተመትቶ ለጥቂት ከሞት ያመለጠ፥ ከዚያም የገዛ ጓዶቹ በስታሊን ሰዎች ሲሳደዱ በዐይኑ ያየ ሰው ነው። መጽሐፉን በ1944 ጽፎ ሲጨርስ ሩስያ የእንግሊዝ የጦር ጓደኛ ስለ ነበረች አሳታሚዎቹ ተራ በተራ መለሱት። ባለ ቅኔው ቲ. ኤስ. ኤልየት የሚሠራበት ማተሚያ ቤት ሳይቀር አልቀበልም አለ፤ ኤልየትም በደብዳቤው አሳማዎቹ ከሁሉ አዋቂ ስለ ሆኑ እርሻውን ለመምራት የሚገባቸው እነርሱ ናቸው፥ የጐደለው ለሕዝብ የሚያስቡ አሳማዎች ነው የሚል አስተያየት ሰጠ። (ይህን ሳነብ እንደ ኤልየት ያለ ሊቅም እንደዚህ ሊል ይችላልን ብዬ ተደነቅሁ፤ ግን በኛም አገር ከዚህ የባሰ ምክር ሲሰጥ ሰምቻለሁ።) መጽሐፉ የታተመው በነሐሴ 1945 ጦርነቱ ሲያበቃ ነው።

የኦርዌል መጽሐፍ ከዚያ በኋላ የደረሰበት ነገር ግን ለጥያቄዬ ትልቅ ትምህርት ሰጥቶኛል። በ1954 እንግሊዝ አገር በሥዕል ፊልም ሆኖ ተሠራ፤ ገንዘቡን በምስጢር የሰጠው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ነበረ። በመጽሐፉ መጨረሻ እንስሳቱ በመስኮት ሲያዩ አሳማዎቹና ሰዎቹ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ቁማር ይጫወታሉ፤ ማን አሳማ ማን ሰው እንደ ሆነም መለየት አይቻልም። በፊልሙ ግን ሰዎቹ ከማዕዱ ጠፉ፤ እንስሳቱም በአሳማዎቹ ላይ ተነሥተው ድል ያደርጋሉ። ለምን ይህ ሆነ? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰዎቹ የምዕራብ ገዥዎች ምሳሌ ነበሩ። ገንዘብ ከፋዩ ወርቁን ሲያቀልጠው የጠላቱን ፊት አስቀርቶ የራሱን ፊት አወጣ።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የሚያርፈው። ከአንድ ስም ጋር ብቻ የታሰረ ምሳሌ ለአንባቢው የማምለጫ በር ያበጅለታል። ሳውሮን ሂትለር ከሆነ እኔ አንባቢው ከአሸናፊዎቹ ጋር ተቀምጫለሁ። ቀለበቱ አቶሚክ ቦምብ ከሆነ፥ እኔ ቦምብ የለኝም፤ መጽሐፉን ዘግቼ እራቴን እበላለሁ። ቀለበቱ ቀለበት ብቻ ሆኖ ከቀረ ግን ማምለጫ የለኝም። ለክፍል አለቃም፥ ለርስት ተሟጋች ወንድምም፥ ሻይ እየጠጣ ተማሪውን አሳልፎ ለሚሰጥ መምህርም ጣቱ ላይ ልክ ይሆናል። በታሪኩ ውስጥ ቦሮሚር የሚባለው ደግ ጦረኛ ቀለበቱን ከፍሮዶ ለመቀማት የተነሣው ክፋት ፈልጎ አይደለም፤ ሀገሬን ላድንበት ብሎ ነው። ኋላም ፍሮዶ ራሱ፥ ያን ሁሉ መከራ የተሸከመው፥ እሳቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ አልጥልም አለ። ለዚህ ቦታ የማን ስም ይሰጠዋል?

አያቴ ማታ ማታ የሦስቱን በሬዎች ተረት ይነግሩኝ ነበር። ጅቡ ጥቁሩንና ቀዩን በሬ «ነጩ በሌሊት እየታየ ያስበላችኋል» ብሎ ከነጩ ይለያቸዋል፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይበላቸዋል። «አባባ፥ ጅቡ ማን ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው «ተኛ» ይሉኝ ነበር። በየዘመኑ ያን ተረት ሳስታውስ ራሴን ያገኘሁት በልዩ ልዩ በሬ ቆዳ ውስጥ ነው፤ አንድ ጊዜም በጅቡ። አያቴ ስም ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ተረቱ ከዚያ ሰው ጋር ባረጀ ነበር።

ለእውነት ስል ግን በቶልኪንም ላይ የምናገረው አለኝ። በታሪኩ ውስጥ ኦርክ የሚባሉ የሳውሮን ወታደሮች አሉ፤ መልካቸው አስቀያሚ፥ ልባቸው ክፉ ነው፤ ጀግኖቹም ሲገድሏቸው ኅሊናቸው አይቈረቍራቸውም። ዘሩ በሙሉ ክፉ የሆነ ፍጡር ሊኖር ይችላልን? ይህ ጥያቄ ደራሲውን ራሱን በስተርጅናው አስጨንቆታል፤ ስለ ኦርኮች አመጣጥ ደጋግሞ ጽፎ አልተቈረጠለትም። በ1944 ልጁ በአየር ኀይል ሳለ በጻፈለት ደብዳቤ በእውነተኛው ጦርነት ኦርኮች በሁለቱም ወገን እንዳሉ፥ እኛም ሳውሮንን በቀለበቱ ልናሸንፍ እየሞከርን ነው፥ ይሳካልንም ይሆናል፥ ዋጋው ግን አዲስ ሳውሮኖችን መውለድ ነው ብሎ ነግሮታል። ይህን የጻፈው ለልጁ ነው፤ ደብዳቤዎቹ መጽሐፍ ሆነው የታተሙት እርሱ ከሞተ በኋላ በ1981 ነው። ልብ ወለዱን ብቻ ያነበበ ሰው ግን የሚያገኘው ቃሉን ነው፤ ቃሉም ለጦር መሣሪያነት የተመቸ ነው። ሩስያ በ2022 ዩክሬንን በወረረች ጊዜ ዩክሬናውያን የጠላትን ወታደር ኦርክ ብለው ጠሩት። ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው በቃሉ አልከስሰውም። ደግሞም እኛ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የርስ በርስ ጦርነት በየወገናችን ወንድማችንን በአውሬ ስም ስንጠራ የቶልኪንን መጽሐፍ መዋስ አላስፈለገንም።

ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ስም መጥራት ግዴታ መሆኑን አምናለሁ። ክፉ ሥራ ስም አልባ ሆኖ ሲቀር የሚጠቀመው ክፉ ሠሪው ነው፤ ኦርዌልም ስለዚህ ስሙን ሊጠራ ተነሣ። ነገር ግን ሰው ጠላቱን ስም ሲያወጣለት ራሱን ከስሙ ውጭ ያደርጋል፤ ይህን መከላከያ መድኀኒት አላገኘሁለትም። የቀረበው ነገር ቢኖር በቀለበቱ ታሪክ ሁለተኛ መጽሐፍ ያለች አንዲት ትንሽ ስፍራ ናት። ሳም ከጠላት ወገን የተሰለፈ አንድ የደቡብ ሰው ከፊቱ ወድቆ ሲሞት ያያል። ስሙ ማን እንደ ነበረ፥ ከየት እንደ መጣ፥ ልቡ በእውነት ክፉ ይሁን ወይም በውሸትና በማስፈራራት ከቤቱ ተነድቶ የመጣ ይሁን ያስባል። ከዚያ ጦርነቱ ይቀጥላል፤ ታሪኩም ያልፋል። ይህችን ሳነብ የሃያ አራት ዓመቱን የሶም መኰንን አያለሁ። እኔም በዚያ ጠረጴዛ ፊት የተቀመጥሁት በሃያ አራት ዓመቴ ነበር።

ያንን ልጅ ከአራት ዓመት በፊት አገኘሁት። አሁን ልጅ አይደለም፤ ጠጕሩ ሸብቷል፤ በአንድ ከተማ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። ቧንቧ ልገዛ ገብቼ እርሱ ነው ያወቀኝ። «ቲቸር!» ብሎ ተነሥቶ ጨበጠኝ፤ ወንበር አቀረበልኝ፤ ቡና አስጠራ። ለአርባ ዓመት አጥንቼ የያዝሁትን የይቅርታ ንግግር ጀመርሁ። ግማሽ ላይ አቋረጠኝ።

«እርስዎ እኮ አልገባዎትም ነበር» አለኝ። «እነርሱም አልገባቸውም። እኔ ስለ መንግሥት አልተናገርሁም። ‹የኛን› ያልሁት የኛን ክፍል ነው። ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ እየጮኽን የምናዜመውን እኛኑ። ከሁሉ አብልጬ የምጮኸው ደግሞ እኔ ነበርሁ፤ አለቃ ነበርሁ እኮ።»

ምንም መልስ አልነበረኝም። ቡናው መጣ። ስኳሩን አማስሎ ሲያበቃ ቀና ብሎ አየኝና «ታሪኩን ግን አልጨረሱልንም፤ ያ ጠንካራ ሠራተኛ ፈረስ ነበረ፥ እርሱ መጨረሻው ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። ፈረሱ ጕልበቱ ሲያልቅ አሳማዎቹ ለሐኪም ነው ብለው ለአራጅ እንደ ሸጡት፥ ጋሪው ሲወስደውም ጽሕፈቱን ያነበበላቸው አህያው እንደ ነበረ ነገርሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ «አህያው ማንበብ የሚችል ከሆነ ለምን አስቀድሞ አልነገራቸውም?» አለኝ። ገበያተኛ ገባና ሚስማር ሊመዝንለት ተነሣ።